ጉማራ ላይ ነጭ ዓሣ፦ በመረብ ያለቀውን በሌላ ምክንያት ከሞተው እንዴት እንለይ?

ጥያቄ፦
በክረምት ከጣና ወደ ጉማራ ለመራባት የሚወጣውን ነጭ ዓሣ ለሁለት ዓመት ልንከታተል አስበናል። 300 ዓሣ ላይ ቁጥር ያለው ታግ (መለያ ምልክት) ሰክተን አስጋሪዎች የሚመልሱልንን እንቆጥራለን፤ በየሳምንቱም ወንዙ ላይ መልሰን እንይዛለን። ይበቃል?

መልስ 1፦
ሳምንታዊው ይቅርባችሁ። ዓሣው እንቁላሉን ጥሎ ወደ ሐይቁ ሲመለስ ስሌቱ እንደሞተ ይቆጥረዋል። በየክረምቱ አንድ ዙር ያዙና ዓመትን ከዓመት አወዳድሩ። ታዲያ ሁለት ክረምት አይበቃም፤ ምልክት የተደረገባቸውን መልሶ በመያዝ የሚተርፈውን በሚገምተው በኮርማክ-ጆሊ-ሴበር ሞዴል በመጨረሻው ዙር በሕይወት የመቆየትና የመያዝ ዕድል ተነጥለው አይወጡም። ቢያንስ ሦስት ክረምት ያስፈልጋል።

ስንጥቡን የሚያንቅ መረብ ዓሣውን ስለሚጎዳ በመወርወሪያ መረብ ያዙ። እጃችሁን አርጥቡ። ታጉን ከጀርባ ክንፉ ሥር ሰያፍ አድርጋችሁ በአጥንቶቹ መካከል ስኩና ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹት። ሥጋ ላይ ብቻ ከቀረ ይወልቃል።

መልስ 2፦
ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ካልተመለሰው ታግ ነው። 30 ቢመለስ «10 በመቶ ተጠመደ» ማለት አይቻልም። ጥቂት ታጎች ላይ ከፍ ያለ ሽልማት ጻፉባቸው፤ ከእነሱ የተጠመዱት ሁሉ ይመለሳሉ ተብሎ ይታሰባል፤ ከእነሱ 20 በመቶ፣ ከተራዎቹ 10 በመቶ ከተመለሰ፣ ተራውን ታግ የሚያስረክበው ግማሹ አስጋሪ ነው ማለት ነው። የተወሰኑት ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ታግ ስኩ። ከተመለሱት 80ው ሁለቱንም፣ 20ው አንዱን ብቻ ይዘው ከመጡ፣ የአንዱ ታግ የመውለቅ መጠን 20 ሲካፈል ለ180 (80 × 2 + 20)፣ ማለትም 11 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ያልወለቀው 0.89 ስለሆነ፣ 30ን ለ300 × 0.5 × 0.89 ስታካፍሉ 22 በመቶ ይወጣል። ከእጥፍ በላይ ነው!

ጠያቂ፦
በሌላ ምክንያት የሞተውስ?

መልስ 2፦
በዓመት ግማሹ ተረፈ እንበል። ጠቅላላው የሞት ምጣኔ (የሞተው መቶኛ ሳይሆን፣ የተረፈው ድርሻ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም በአሉታዊ ምልክት፣ −ln 0.5) 0.69 ነው። የማስገሩ ድርሻ 0.22 × 0.69 ÷ 0.5 (በዓመት የሞተው ግማሽ)፣ ወደ 0.30 ይሆናል፤ ቀሪው 0.39 የሌላው ነው።

መልስ 3፦
ያ «ሌላ» ተፈጥሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓሣ በሚመርዘው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ዱቄት ወንዙ ውስጥ የተገደለ ዓሣ ታጉ ወደ እናንተ አይመጣም፤ እንደ ተፈጥሮ ሞት ይቆጠርላችኋል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የሚራባበትን ጠጠራማ ስፍራ እየዞራችሁ የሞተውን ልቀሙ፤ ታጉንም ለብቻው መዝግቡ።