የሌሊት ጋጋሪ ነኝ፤ ትርፍ ሰዓት ይገባኛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ አንድ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው። ማታ 2 ሰዓት ገብቼ ንጋት 12 እወጣለሁ፣ በሳምንት 6 ቀን። ደመወዜ 6,000 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት ስጠይቅ አለቃዬ «ዳቦ በነጻ እየበላህ!» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር የሚሰጠኝ ያረረውን ነው። መብት አለኝ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ያረረ ዳቦ ደመወዝ አይሆንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት አይበልጥም። መሀል ላይ እረፍት ከሌለህ 2 ሰዓት ትርፍ ትሠራለህ። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል። 6,000ን ለወሩ 208 ሰዓት (26 ቀን በ8 ሰዓት) አካፍለው፤ በሰዓት 29 ብር ገደማ ነው። ስታባዛው 50 ይሆናል። በአንድ ሌሊት 100 ብር እየቀረብህ ነው እኮ!

መልስ 2፦
ብቻ እንዳትዘገይ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። እኔ «ነገ ዛሬ» ስል ከርሜ ግማሹን ውሃ በላው። የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት ጻፍ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የእርሾ ካርቶን ላይ እጽፍ ነበር፤ ትናንት እሳት ማቀጣጠያ አደረጉት። ዛሬ ደብተር ገዛሁ።