የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ቀን፦ ሦስተኛው ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ለባህልና ቱሪዝም ከማስገባቴ በፊት የምትሉትን በሉ። ቀኑ ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ቅዳሜ። ነጭ ዓሣው እንቁላሉን ጥሎ ከጉማራና ከርብ ወንዞች ወደ ሐይቁ ይመለሳል፣ የነቢያት ጾም ደግሞ የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ዓላማው ያው ነው፦ በታንኳ ሲያሰግሩ የኖሩ ቤተሰቦችን፣ በተለይ በሐይቁ ዳር የሚኖረውን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሽማግሌዎች ማክበር። ሁለተኛ፣ በክረምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ ላለመጣል ሁላችንም ቃል መግባት። ቲሸርቱ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ይሣላል።

የጀልባ ባለቤት፦ ቆሮሶ ለምን? ቆሮሶ ዝዋይም አለ፣ ሐዋሳም አለ፣ ጫሞም አለ። የእኛ ነጭ ዓሣ ግን አብዛኛው ዝርያ ከጣና ሌላ የትም የለም። የሐዋሳን ዓሣ ለብሰን ልንሰለፍ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስፖንሰር የሚሆኑን ሆቴሎች የሚገዙት የቆሮሶ ፊሌቶ ነው። የነጭ ዓሣ አጥንት ማን ይለቅማል?

የጀልባ ባለቤት፦ እንግዲያው የምናከብረው ሆቴሉን ነው በለኛ።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝናውን ታውቀዋለህ። ቲሸርቱን በመፈክር ልታሳትመው ነው?

ዓሣ ነጋዴ፦ አምባዛስ ከዚሁ ሐይቅ አይደል የሚወጣው? ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው።

ወጣት አባል፦ እትዬ፣ አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ስንቱ ሰው አይነካውም። ደረቱ ላይ ማን ይለብሰዋል?

ዓሣ ነጋዴ፦ ብላ አልኩህ? ልበስ ነው ያልኩህ።

ወጣት አባል፦ በቃ ሦስቱንም እንሣላቸው። የሚሥል ጓደኛ አለኝ፣ እስከ ማክሰኞ አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ማተሚያ ቤቱ የሚያስከፍለው በቀለም ብዛት ነው። አንድ ዓሣ፣ አንድ ቀለም።

ታንኳ ሠሪ፦ ይህን ሁሉ ስታወሩ ስለ እኛ ስለ ነገደ ወይጦ የተጻፈውን ያነሳ የለም። አክብሩን ብለን አልለመንናችሁም። ታንኳ የምንሠራበት ደንገል እያለቀ ነው። ለእሱ ምን አስባችኋል?

የጀልባ ባለቤት፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ቆሮሶው ግን ይውጣ። ነጭ ዓሣው እያለቀ ስለሆነ እኮ ነው የምለው። በ1978 ገደማ ሞተሩና የናይለኑ መረብ ከገባ ወዲህ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሞተሩ የማን ነው? አምና ክረምት ጉማራ አፍ ላይ የተገኘውስ መረብ የማን ነበር?

የጀልባ ባለቤት፦ ስም ጥራ! ወንድ ከሆንክ ስም ጥራ።

ጸሐፊ፦ ኧረ ተዉ! ይህን ቱሪዝም ቢሮ ቢያየው ምን ይላል?

ዓሣ ነጋዴ፦ ሁለታችሁም የማን ዕዳ እኔ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። ዝም በሉ።

ጸሐፊ፦ ማክሰኞ አለፈ። ሥዕሉ የታለ? የድምፅ ማጉያውን እኔ እይዛለሁ ያለውስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ትናንት በቁጣ ነው የጻፍኩት፣ እለፈው። አንድ ሆቴል አናግሬያለሁ። የሞተር ጀልባ ውድድር ካለ ሽልማቱን እሸፍናለሁ ብሏል፣ ባነሩ ላይ ስሙ እስካለ ድረስ።

የጀልባ ባለቤት፦ አልፌዋለሁ። ውድድሩ ጥሩ ሐሳብ ነው። የወንዙን ቃል ግን ለሌላ ጊዜ እናቆየው፣ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ የሚናዘዝ ይመስላል።

ዓሣ ነጋዴ፦ የቀረው እሱ ነበር!

የኮሚቴ አባል፦ ለምግቡ የተያዘው ገንዘብ አይበቃም። ለመሆኑ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውንስ አስባችሁበታል?

ጸሐፊ፦ ቀኑን ከጾም በፊት ያደረግነው ለምን ይመስልሃል? ይህን እዚህ አትክፈትብን።

ጸሐፊ፦ አራተኛው ረቂቅ፦ «የጣና የጀልባ ውድድርና የዓሣ ቀን»። ቲሸርቱ ላይ ዓሣ የለም፣ የሆቴሉ ምልክት ብቻ። በመክፈቻው 2 ታንኳዎች ለፎቶ ይቀርባሉ። የሽማግሌዎቹ ሽልማት ገንዘብ ከተረፈ።

ታንኳ ሠሪ፦ ለፎቶ የሚሆን ታንኳ የለኝም። ደንገል አምጡልኝና እሠራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ በጀቱ ውስጥ የለም ጋሼ።

የጀልባ ባለቤት፦ የውድድሩ ነዳጅ በማን ነው?