ፒያዤና ኤሪክሰን ተደባለቁብኝ፤ ፈተናዬ ደርሷል

የማታ ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዕድገት ሥነ ልቦና ፈተና አለብኝ። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱን የዕድገት ደረጃዎች ሰንጠረዥ ሸምድጄዋለሁ፤ ጥያቄው ፊቴ ሲመጣ ግን ሁሉም ይምታታብኛል። የፒያዤ አራት ደረጃዎች ከኤሪክሰን ስምንት ደረጃዎች ጋር ይጋጩብኛል። ቪጎትስኪ ደግሞ ጭራሽ በዕድሜ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ የለውም፤ የት ላስቀምጠው?

ሁለተኛ፣ የእህቴን ልጅ በታዋቂው የፒያዤ የውሃ ሙከራ ፈትኛት ነበር። አምስት ዓመት ተኩል ናት። በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ቀዳሁ። «እኩል ናቸው?» ስላት «አዎ» አለች። አንዱን ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ገለበጥኩት። «አሁንስ?» ስላት ረጅሙን ጠቁማ «ይሄ ይበዛል» አለች። ደግሜ ብጠይቃት «እኩል ነው» አለችኝ። ታዲያ የትኛው ደረጃ ላይ ናት?

ሦስተኛው የግሌ ነው። 31 ዓመቴ ነው። ሁለት ጊዜ ሙያ ቀይሬያለሁ፤ አሁንም ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም። በኤሪክሰን ሰንጠረዥ ማንነት የጉርምስና ጉዳይ ነው። ወድቄያለሁ ማለት ነው? አትሳቁብኝ።

ጠመኔ፦

ወንድሜ፣ ሰንጠረዡን ለጊዜው ዝጋው። የሚያምታታህ ሦስቱም አንድ ጥያቄ የመለሱ ስለሚመስልህ ነው። የየራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው።

ፒያዤን ያስጨነቀው ልጅ እንዴት እንደሚያስብ ነው። ልጅ ሲሳሳት ዝም ብሎ አይሳሳትም፤ ስህተቱ የራሱ ሥርዓት አለው። ስለዚህ ደረጃዎቹ ጉርምስና ላይ ያበቃሉ፤ ረቂቅ ነገር ማሰብ ከተቻለ ለሱ ዋናው ነገር ተሟልቷል። ኤሪክሰን ግን ሰው ከራሱና ከሌሎች ጋር ያለው ነገር በየዕድሜው ምን ላይ እንደሚፈተን ነው የጠየቀው። ይህ ደግሞ እስከ እርጅና አያልቅም።

አንድ ጫማ ይዘህ አስበው። የሁለት ዓመት ልጅ ጫማውን በተቃራኒ እግሩ እያጠለቀ «እኔ ራሴ!» ብሎ እጅህን ይገፋል። እሱ ኤሪክሰን ነው፤ ራስን መቻል ከኀፍረትና ከጥርጣሬ ጋር ሲታገል። አምስት ዓመት ሲሆነው የመጀመሪያውን ቋጠሮ ይሠራል፣ ቀለበቷ ላይ ሲደርስ ግን ክሩ ያመልጠዋል። ቋጠሮው ላይ ጣትህን ብታሳርፍለት ይጨርሰዋል። ብቻውን በሚችለውና በጣትህ እርዳታ በሚችለው መካከል ያለችው ርቀት ቪጎትስኪ ናት። ዕድሜ ላይ አትለጥፋት፤ የሰባ ዓመት ሰው አዲስ ስልክ ሲለምድም ትሠራለች።

አንድ የፈተና ወጥመድ ልንገርህ። «ስካፎልዲንግ» የሚለው ቃል፣ ማለትም ልጁ ብቻውን እስኪችል የሚሰጠው ጊዜያዊ ድጋፍ፣ የቪጎትስኪ አይደለም። እሱ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ ቃሉን ያመጡት ተመራማሪዎቹ ውድ፣ ብሩነርና ሮስ በ1976 ናቸው።

ትንንሾቹ ክፍል፦

እኔ ዓመታት ከሕፃናት ጋር ነው የዋልኩት። ልጅቷን ተዋት፤ ችግሩ አጠያየቅህ ላይ ነው! ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠየቅካት። ልጅ አዋቂ ደግሞ ሲጠይቃት «የመጀመሪያው መልሴ ስህተት ነው መሰለኝ» ብላ ትቀይረዋለች። ስለዚህ «እኩል ነው» ማለቷ ገብቷት ይሁን አንተን ለማስደሰት አይታወቅም።

በ1970ዎቹ ማክጋሪግልና ዶናልድሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠርጥረው ፈትነውታል። ሁለት እኩል ረድፍ ጠጠር መሰል ነገር ይደረደራል። አዋቂው ራሱ አንዱን ረድፍ ሲያዛባው አብዛኞቹ ልጆች «አሁን እኩል አይደለም» ይላሉ። አንድ ባለጌ የአሻንጉሊት ድብ መጥቶ ሲያዛባው ግን ብዙዎቹ «እኩል ነው» አሉ። አዋቂ ሆን ብሎ ሲነካው ልጁ «አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው» ብሎ ያስባላ።

ሌላ ጊዜ ውሃውን ራሷ ትገልብጥ። አንዴ ብቻ ጠይቃትና «ለምን?» በላት። ቁም ነገሩ ምክንያቷ ነው። «ምንም አልጨመርንም» ወይም «ብንመልሰው ያው ነው» ካለች መጠኑ እንዳልተለወጠ ገብቷታል። ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚመጣ ነገር አይደለም። በቁጥር የገባት ልጅ በክብደት ልትሳሳት ትችላለች፤ ፒያዤም ራሱ ይህንን አይቶታል። በሁለት ደረጃ መካከል ናት ብትል ማንም አይከስህም።

ሦስተኛ ዓመት፦

ስለ ቁርኝት፣ ማለትም ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ስላለው ትስስር፣ ሳይጠይቁህ አይቀሩም። በአይንስዎርዝ ሙከራ እናት ልጇን በማያውቀው ክፍል ትታ ትወጣለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ሁላችንም የተሳሳትነው ስትወጣ የሚያለቅሰውን ቆጥረን ነው። ዋናው የሚታየው ስትመለስ ነው። ልጁ ሄዶ ተጽናንቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል? ፊቱን ያዞርባታል? ወይስ እየተጠጋ ይገፋታል? አራተኛው፣ የተዘበራረቀው ዓይነት፣ በኋላ በሜይንና በሰለሞን የተጨመረ ነው።

ባለ ሦስት ሙያ፦

ሦስተኛው ጥያቄ የኔ ነው፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ኤሪክሰን ደረጃዎቹን እንደ ክፍል ፈተና አላሰባቸውም። የማንነት ጥያቄ በጉርምስና ይጋጋላል እንጂ እዚያ አይዘጋም።

ተመራማሪው ጄምስ ማርሲያ በ1966 ነገሩን በሁለት ጥያቄ ከፍሎታል፤ አማራጮችን ፈትሸሃል? አንዱ ላይ ጸንተሃል? ፈትሾ የጸና አለ። ሳይፈትሽ ሌሎች በመረጡለት የጸና አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ሁሉ ነገር የተስተካከለለት የሚመስለው እሱ ነው። የማይፈትሽም የማይጸናም አለ። አራተኛው እየፈተሸ ገና ያልወሰነው ነው፤ «ሞራቶሪየም» ይሉታል። አንተ እዚህ ነህ። ምቾት የለውም፤ ውድቀት ግን አይደለም።

ደግሞስ ኤሪክሰን ራሱ ማን ነበር? የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። በወጣትነቱ ሥዕል እየሳለ አውሮፓን ሲዞር ነው የከረመው። የአያት ስሙን እንኳ በኋላ ነው ኤሪክሰን ያደረገው። ስለ ማንነት ቀውስ ለመጻፍ ከሱ የተሻለ ሰው አልነበረም።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ሁላችሁም ጉርምስና ላይ ቆማችሁ። የሰው ዕድሜ ከዚያም በኋላ አለ እኮ።

74 ዓመቴ ነው። የሰው ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ይጠፋብኛል። የቃላት እንቆቅልሽ ላይ ግን የልጅ ልጄ አይችለኝም። ይህ ስም አለው። አዲስ ነገር በፍጥነት የመፍታት ችሎታን «ፍሉይድ»፣ በዕድሜ የተጠራቀመውን «ክሪስታላይዝድ» ይሉታል፤ ክፍፍሉ ካቴል የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። የመጀመሪያው ቀድሞ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ረጅም ዓመት ይዘልቃል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ባልቴስ እርጅናን ሲያስረዳ ፒያኖ ተጫዋቹን ሩቢንስታይንን ነው የሚጠቅሰው። ሰውየው ሲያረጅ የሚጫወታቸውን ሥራዎች ቀነሰ። የቀሩትን አብዝቶ ተለማመደ። ከፈጣኑ ክፍል በፊት ደግሞ ሆን ብሎ ቀስ ይላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፈጣን እንዲመስል። እኔም አሁን የፎቅ ደረጃ ከሰው ጋር ስወጣ መሐል ላይ ቆሜ ወሬ እጀምራለሁ። ዘዴው ያው ነው።

«ዕድሜ ሲገፋ አእምሮ ይወድቃል» የሚል ጥናት ካጋጠመህ ግን እንዴት እንደተሠራ ጠይቅ። በአንድ ቀን የ25 እና የ75 ዓመት ሰዎችን ማወዳደር ትውልድን ከትውልድ ማወዳደርም ነው፤ የተማሩት፣ የኖሩት ይለያያል። ያንኑ ሰው ለዓመታት መከተል ሌላ ነው። ዋርነር ሻይ የሚባል ተመራማሪ በ1956 ሲያትል የጀመረው ጥናት ሁለቱን መንገዶች አጣምሮ ነው ይህን ልዩነት ያሳየው።

የማታ ተማሪ፦

ጋሼ፣ ስለ ፎቅ ደረጃው ያሉትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሞራቶሪየም የሚለውን ደብተሬ ጥግ ላይ ጽፌዋለሁ። ጫማው ደግሞ ከሰንጠረዡ በላይ ነው የጠቀመኝ።

ዛሬ ልጅቷን እንደተባልኩት ፈተንኳት። ራሷ ገለበጠች፤ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ልታፈስሰው ነበር። አንዴ ብቻ ጠየቅኳት። «እኩል ነው» አለች። «ለምን?» አልኳት። «ያው ውሃው ነዋ! ግን እኔ ረጅሙን ነው የምጠጣው።»