ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ያለው ጥንታዊ ጽድ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦
በሰበታ ዳርቻ በምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ከመቅደሱ በስተ ሰሜን፣ አረጋውያኑ ከቤተ ክርስቲያኗ በፊት የነበረ ነው የሚሉት ግዙፍ ጽድ አለ። ግንዱ ውስጡ ቦርቡሯል፤ ጫፉ ግን ለምለም ነው። ግቢው በሲሚንቶ ሊነጠፍ ስለታሰበ ከኮሚቴው ከፊሉ «ሳይወድቅ ይቆረጥ»፣ ከፊሉ «እስከ ግንዱ ድረስ ተነጥፎ ይቆይ» ይላል። ዕድሜውን ማወቅና ዛፉን ማትረፍ ይቻል ይሆን?

መልስ፣ ከደን ባለሙያ፦
ወንድማችን፣ ግንዱ መቦርቦሩ ዛፉ ለመሞቱ ማስረጃ አይሆንም። ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚያሳልፈው ከቅርፊቱ በታች ያለው ውጫዊ እንጨት ሲሆን፣ የመሐሉ እንጨት ሕይወት የሌለው ድጋፍ ብቻ ነውና። ለመውደቅ ያሰጋ እንደሆነ ግን የቀረው ግንድ ውፍረትና የሥሩ ጤንነት በአካል መታየት አለበት። ዕድሜውን በተመለከተ፣ ዕድሜ ከሚቆጠርባቸው የግንዱ ቀለበቶች ጥንታዊዎቹ ከመሐሉ እንጨት ጋር ስለጠፉ ሊታወቅ የሚችለው ቢያንስ ምን ያህል እንደሆነ ነው፤ በልግና ክረምት በሚፈራረቁበት አገር ደግሞ ጽድ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊሠራ ስለሚችል ቆጠራው ጥንቃቄ ይሻል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሲሚንቶው ነው። ውኃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ከላይኛው አፈር ውስጥ ሆነው ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፈው ይዘረጋሉ፤ ንጣፉ አየርና ዝናብ ሲከለክላቸው ዛፉ ወዲያው ሳይሆን በዓመታት ውስጥ ይደርቃል፣ ያን ጊዜም ምክንያቱን የሚያስታውስ አይኖርም። ስለዚህ ቢያንስ በጥላው ስፋት አፈሩ ክፍት ይሁን፣ በግንዱ ዙሪያ አፈር አይቆለል፣ ቦርቡሩም በሲሚንቶ አይሞላ።

መልስ፣ ከአንድ ካህን፦
ዐጸዱ የቤተ ክርስቲያን ልብሷ ነው፤ ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ የሚጠለሉበትን ዛፍ ለንጣፍ ውበት ብሎ መቁረጥ አይገባም። በቅርባችሁ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን እንኳ፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ባስመጡት የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል።

የጠያቂው ምላሽ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ይህን ለጉባኤው አቀርባለሁ። ከዘሩ ችግኝ ማፍላትስ ይቻላል?

መልስ፣ ከደን ባለሙያው፦
የጽድ ወንዴና ሴቴ ዛፍ በአብዛኛው ለየብቻ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ፍሬ የሚይዝ መሆኑን ተመልከቱ። የሚይዝ ከሆነ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የተለወጠውን የበሰለ ፍሬ ልቀሙ፤ የወንዴውን የማዳቀያ ዱቄት ወደ ሴቴው ነፋስ ስለሚያደርሰው፣ በአቅራቢያው ወንዴ ጽድ ከሌለ ዘሩ ባዶ ሊሆን ይችላልና ከሌሎች ዛፎችም ጨምራችሁ አፍሉ።