ክጋሪ ደሴት ላይ ድንኳን ይዘን ልንሄድ ነው፣ የሄደ ሰው ካለ ይንገረን

መንገደኛው፦

ሰላም ቤተሰብ። አውስትራሊያ፣ ክዊንስላንድ ያለችውን ክጋሪን፣ በፊት ፍሬዘር አይላንድ ስትባል የነበረችውን ደሴት ማለቴ ነው፣ የሚያውቃት ሰው ካለ እርዱኝ። ከባለቤቴና ከ8 አመት ልጃችን ጋር ድንኳን ይዘን ጥቂት ቀን ለመቆየት አስበናል፣ ሆቴል ምናምን አንፈልግም። ከአለም ትልቋ የአሸዋ ደሴት እንደሆነች፣ ከ1992 ጀምሮ ዩኔስኮ እንደመዘገባት ምናምን አንብቤያለሁ፣ የቸገረኝ ሌላ ነው። መኪናችን ኦልዊል ድራይቭ ነች ግን ከመሬት ብዙም ከፍ አትልም፣ የሸጠልኝ ሰውዬ «የትም ትሄዳለች» ብሎኛል፣ አሸዋ ላይስ? ደግሞ ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ ነገር ከአሁኑ ባለቤቴን እንቅልፍ ነስቷታል። ድንኳኑንስ ባህሩ ዳር ብንተክል ነው የሚሻለው ወይስ ወደ ውስጥ ገባ ብለን? ጁላይ ላይ ነው ሀሳባችን።

ባለሪዶታ፦

ወንድሜ መኪናዋን ቤት ተዋት። የሸጠልህ ሰውዬ ይምጣና ይንዳት 😂 የደሴቷ ፓርክ ራሱ የሚለው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሪዶታ (ለከባድ መንገድ የሚገባው ዝቅተኛ ማርሽ) ያለው ፎር ዊል ነው፣ ምክንያቱም መሀል ደሴቱ ያለው መንገድ ሌሎች መኪኖች የቆፈሩት ጥልቅ የአሸዋ ቦይ ነው፣ ያንተዋ ጎማዋ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሆዷ አሸዋው ላይ ይቀመጣል፣ ከዛ ጎማው ቢሽከረከር ባይሽከረከር ለውጥ የለውም። ፎር ዊል ተከራይ፣ ግን ውሉን በደንብ አንብብ፣ ብዙ አከራዮች ደሴቷ ላይ መንዳት አይፈቅዱም ወይ ኢንሹራንሱ አሸዋና የባህር ውሃ አይሸፍንም።

ከሬንቦው ቢች በኩል ከኢንስኪፕ ፖይንት ከሄድክ ፌሪው 10 ደቂቃ ያህል ነው፣ ግን ፌሪው ጋ የሚያደርሰው አሸዋ ራሱ እንደ ዱቄት ነው፣ ደሴቷን ከማዶ እያየ እዛው ተቀርቅሮ የሚውል ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ጎማህን አሸዋው ሳይጀምር አስተንፍስ። 18 ወይ 20 ፒኤስአይ አካባቢ ስታደርሰው ጎማው ከስር እንደ መላላት ብሎ ወደ ጎን ይወፍራል፣ ያን ስታይ የተበላሸ እንዳይመስልህ፣ የተፈለገው እሱ ነው፣ ሰፍቶ አሸዋው ላይ እንዲንሳፈፍ። ታዲያ በዛ ንፋስ መሪ በድንገት አትጠምዝዝ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። መለኪያ፣ ኮምፕሬሰር፣ ረጅም እጀታ ያለው አካፋና ከጎማ ስር የሚገባውን ፕላስቲክ ሰሌዳ ሳትይዝ ፌሪ ላይ እንዳትወጣ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ታይድ፣ የባህሩ ውሃ መሙላትና መጉደል! ምስራቁ ባህር ዳር፣ ሰባ አምስት ማይል ቢች የሚሉት፣ ሕጋዊ መንገድ ነው፣ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደብ አለው፣ ትራፊክ ፖሊስ አለው፣ አነስተኛ አውሮፕላንም ያርፍበታል (ቀልድ አይደለም፣ ሲያርፍ ቦታ ልቀቅለት)። ይሄ መንገድ ግን በቀን ሁለቴ ባህር ውስጥ ይገባል። ሃይ ታይድ (ውሃው ጫፍ ድረስ የሚሞላበት) ሊሆን 2 ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ከሆነ በኋላ 2 ሰዓት እስኪያልፍ አትንዳ። የታይድ ሰንጠረዥ አትመህ ያዝ፣ ኔትወርክ ብዙ ቦታ የለም፣ ቁርስ ምሳህን ሁሉ በሱ ነው የምታወጣው። ደግሞ ከየጅረቱ አፍ ላይ ውሃው አሸዋውን ቆርጦ ደረጃ ይሰራል፣ ከሩቅ ሜዳ ነው የሚመስልህ፣ አጠገቡ ስትደርስ ጉልበት የሚያህል ጥልቀት አለው፣ በ80 የሄደበት ሰው የመኪናውን የፊት እግር ሰብሮ ነው የሚቆመው። ጅረት ባየህ ቁጥር ቀንስ፣ ካልገባህ ወርደህ በእግርህ ሄደህ እየው።

ከሰጠምክ ነዳጅ አትስጥ!! በሰጠኸው ቁጥር ይቀብርሃል። የጎማውን ፊት ቆፍር፣ የጎማውን ንፋስ ከበፊቱም ትንሽ ቀንስ፣ በመጣህበት ዱካ ወደኋላ ውጣ።

የልጆች እናት፦

ባለቤትህ ትክክል ናት፣ አትሳቅባት። በ2001 እዛ ደሴት ላይ አንድ የ9 አመት ልጅ በዲንጎ ተገድሏል፣ ከዛ በኋላም ሰው የተነከሰበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሄን የምለው ላስፈራራ አይደለም፣ እኛም ልጆች ይዘን ሄደን በሰላም ተመልሰናል፣ ግን ልጅ ካለህ ባህር ዳር የሚባለውን ድንኳን እርሳው፣ አጥር ያለው ካምፕ ነው የምትይዘው። ዱንዱባራ፣ ዋዲ ፖይንት፣ ሴንትራል ስቴሽን፣ ሌክ ቡማንጂን ጋ አጥር አለ። ዱንዱባራ ለኔ ይበልጣል፣ አጥሩ ውስጥ ሆነህ ባህሩ ቅርብህ ነው።

ከአጥሩ ውጪ ልጁ ከክንድህ ርቀት አይውጣ፣ ሽንት ቤት እንኳን ብቻውን አይሄድም፣ ኳስ ይዞ አሸዋው ላይ መሮጥ የሚባል ነገር የለም፣ ሲሮጥ ያዩት እንደሆነ ለዲንጎዎቹ ጨዋታ ወይ አደን ነው። ከመጡባችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ፊታችሁን ወደሱ፣ እጅ ደረት ላይ፣ ቀስ እያላችሁ ወደኋላ፣ በፍጹም እንዳትሮጡ። ልጁን ቤት ሳላችሁ አለማምዱት፣ የኔዎቹ ሳሎን ውስጥ እኔን ዲንጎ አድርገው ነው የተለማመዱት 😅

ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ምግብ ስል ብስኩት ብቻ አይደለም፣ የጥርስ ሳሙናውም፣ ቆሻሻው ፌስታልም፣ ባዶው የበረዶ ሳጥንም መኪና ውስጥ ተቆልፎ ያድራል። ጎረቤታችን የነበሩ ሰዎች ሳጥኑን ውጪ ትተውት አድረው ጠዋት ክዳኑ ተነቃቅሎ ዳቦው ግቢውን ሞልቶት ነበር፣ ለዛውም ዲንጎ ይሁን ሌላ እንስሳ አልታወቀም። መመገብማ ከባድ ቅጣት አለው፣ ሰው የለመደው ዲንጎ ደግሞ መጨረሻው መገደል ነው፣ ያሳዝናል።

በእግሬ፦

ሁላችሁም መኪና መኪና ትላላችሁ እንጂ ደሴቷ የምትታየው በእግር ነው። ከዲሊ ቪሌጅ እስከ ሃፒ ቫሊ 90 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ አለ፣ ክጋሪ ግሬት ዎክ። ከልጅ ጋር ሙሉውን ሂድ አልልህም፣ ግን ሴንትራል ስቴሽን አካባቢ አንዱን ቁራጭ ሂዱት። እርጥብ ደን ነው፣ ሳቲናይ የሚባሉትን ዛፎች አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሳቸውም፣ እግርህ ስር ግን ያለው አሸዋ ብቻ! ዋንጉልባ የሚባለው ጅረት ከመጥራቱ የተነሳ ቅጠል ላዩ ላይ ሲሄድ ካላየህ ውሃ መኖሩን አታውቅም፣ ድምጽም የለውም።

ሌክ ማኬንዚ ሰው ይበዛበታል፣ ጠዋት በጊዜ ካልሆነ አትድከሙ። ሌክ ቢራቢን አሸዋው እንደዛው ነጭ ነው፣ ሰው ግን ያንሳል። ሀይቆቹ አብዛኞቹ ዝናብ ብቻ ነው የሚሞላቸው፣ የሚወጣበት ጅረት ስለሌለ የተቀባችሁት የጸሀይ ክሬም እዛው ነው የሚቀረው፣ በክሬም ፈንታ እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ልበሱ። ሌክ ዋቢ ጋ ከአሸዋው ቁልቁለት እየሮጡ ውሃው ውስጥ መዝለል አይሞከርም፣ አንገትና አከርካሪያቸውን የተጎዱ ሰዎች አሉ።

መንገደኛው፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። መኪናዋን ትቻታለሁ 😂 ሁለት ነገር ልጨምር። ማታ ማታ እሳት አንድደን መቀመጥ ይቻላል? ልጁ የሚያስበው እሱን ነው። ባህሩ ውስጥስ መዋኘት?

ባለሪዶታ፦

እሳት ድንኳንህ ጋ ክልክል ነው። በ2020 በሕገወጥ መንገድ የተለኮሰ የካምፕ እሳት የደሴቷን ግማሽ ያህል አቃጥሏል፣ ለወር ከዛ በላይ ነው የነደደው። የሚቻለው ዱንዱባራና ዋዲ ፖይንት ላይ ፓርኩ ራሱ ባዘጋጀው የጋራ ማንደጃ ነው፣ እንጨቱን ይዘህ ነው የምትሄደው፣ ያውም የተሰነጠቀ ጣውላ፣ ቀለምና ኬሚካል ያልነካው፣ ከጫካው ጭራሮ መልቀም የለም። የእሳት እገዳ ከታወጀ ደግሞ እሱም ይቀራል። ለምግብ የጋዝ ምድጃ ያዝ።

ባህሩ አይዋኝበትም። ሻርክ አለ፣ ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ አለ፣ የሚጠብቅ ነፍስ አድን የለም። ልጁን ኢሊ ክሪክ የሚባለው ጅረት ውሰደው፣ በሰዓት 4 ሚሊዮን ሊትር ያህል ጨው የሌለው ውሃ ወደ ባህሩ ያፈሳል፣ የጎማ ከመነዳሪ ወይ የሚነፋ ቀለበት ይዞ ከላይ ገብቶ ውሃው ራሱ ተሸክሞ ታች ያወርደዋል፣ በጁላይ ብርድ ግን ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ከዛ ትንሽ ወደ ሰሜን ማሄኖ የሚባለው በ1935 ማዕበል የጣለው መርከብ ዝጎ ቆሟል፣ ፎቶ ራቅ ብላችሁ አንሱ፣ መውጣት አይፈቀድም።

የልጆች እናት፦

አንድ ነገር ሳይረሳ፣ የመኪናው ፈቃድና የካምፑ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ናቸው፣ ሁለቱንም ሳትሄዱ በፊት ኦንላይን ነው የምትቆርጡት፣ እዛ ደርሶ መክፈል የለም። የጁላይ ትምህርት ቤት እረፍት ላይ ከሆነ አጥር ያላቸው ቦታዎች ቶሎ ነው የሚያልቁት፣ ከመኪናው ኪራይ በፊት ካምፑን ያዙ።

መንገደኛው፦

እሺ፣ ዛሬ ማታ ዱንዱባራን አያለሁ። ከሞላ ዋዲ ፖይንት።