ክለቦች ለረጅም ርቀት ስፖርተኞች ሰፕልመንት በጅምላ ማደል ይገባቸዋልን?

አሠልጣኝ (ጥያቄውን ያቀረቡት)፦

ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ክለብ ለሚያሠለጥናቸው የረጅም ርቀት ሯጮች፣ ብስክሌተኞችና ዋናተኞች ሁሉ ቪታሚን፣ የብረት ክኒን፣ የፕሮቲን ዱቄትና «የማገገሚያ» ድብልቅ የያዘ አንድ ዓይነት ጥቅል በየወሩ ማደል ይገባዋልን? እኔ አይገባውም እላለሁ። ከምክንያቶቼ ሁሉ የሚከብድብኝን ላስቀድም። ኮሎኝ በሚገኘው የፀረ አበረታች ቅመሞች ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 ሰፕልመንቶችን (ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰዱ ምርቶችን) መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ምርቶቹ ሆርሞን አለባቸው ተብለው የተሸጡ አልነበሩም፤ ሆኖም በ94ቱ፣ ማለትም ከመቶ 14.8 በሚሆኑት ውስጥ፣ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ፣ ማለትም ጡንቻን የሚያሳድግና በስፖርት የተከለከለ የሆርሞን ዓይነት፣ ተገኝቷል።

በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ መሠረት ስፖርተኛው በሰውነቱ ውስጥ ለሚገኘው ነገር ሁሉ በቅድሚያ የሚጠየቀው ራሱ ነው። ምርቱ የተበከለ መሆኑን ቢያስረዳ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ ነገር ግን የማስረዳቱ ሸክም የእርሱ ነው፣ ውጤቱም ይሰረዝበታል። ክለቡ የሰጠውን በእምነት የዋጠ ወጣት ከሁለት ዓመት በኋላ ከውድድር ታግዶ ሲቀመጥ የአደለው ሰው ምን ይመልስለታል? እኔ ለዚህ መልስ ስለሌለኝ ለማንም በእጄ አልሰጥም።

የማራቶን ሯጭ፦

በአደጋው መጠን ከአሠልጣኙ ጋር አልከራከርም፤ የምለየው በመፍትሔው ነው። ክለቡ እጁን ቢሰበስብ ስፖርተኛው ሰፕልመንት መውሰዱን አይተውም፤ ብቻውን ይገዛል እንጂ። የልምምድ ጓደኛው ያሳየውን፣ ሻጩ ያሞገሰለትን ይገዛል። እኔ በመጀመሪያዎቹ የውድድር ዓመታቴ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ያኔ የዋጥኩት ምን እንደነበረ ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ ሳስበውም ይዘገንነኛል። አሁን ግን እያንዳንዱ የምርት ዙር (በአንድ ጊዜ የተመረተው ክምችት) ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በገለልተኛ ቤተ ሙከራ የሚፈተሽላቸው ምርቶች አሉ፤ ኢንፎርምድ ስፖርት የተባለው የምስክር ወረቀት ለምሳሌ በዚሁ መንገድ ይሠራል። የኮሎኙ ምርመራ የተደረገው ይህ አሠራር ከመስፋፋቱ በፊት ነው። የምርት ዙሩን ቁጥር መዝግቦ፣ ያልተከፈተ ናሙና አስቀምጦ የሚገዛ ክለብ ብቻውን ከሚገዛ የ19 ዓመት ልጅ በብዙ ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። ከሁለት ሰዓት በላይ በሚፈጅ ሩጫ ግላይኮጅን፣ ማለትም ለጉልበት እንዲሆን በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ካርቦሃይድሬት፣ ይሟጠጣል። አንጀት ግሉኮስ የተባለውን ስኳር ብቻ ሲቀበል በሰዓት ከ60 ግራም ገደማ በላይ አያሳልፍም፤ ፍሩክቶስ የተባለው ሌላው ስኳር ግን በሌላ በር ስለሚገባ ሁለቱ ሲደባለቁ እስከ 90 ግራም መውሰድ ይቻላል። በውድድር ፍጥነት እየሮጡ ይህን ያህል ካርቦሃይድሬት ከተለመደ ምግብ ለማግኘት መሞከር ሆድን ማሳመም ነው፤ ጄል (ወፈር ያለ ጣፋጭ ዝልግልግ) እና የስፖርት መጠጥ የተፈለጉትም ስለዚህ ነው። ከዚያም በላይ አንጀት እንደ እግር ልምምድ ይሻል፤ በልምምድ ጊዜ ጄል ቀምሶ የማያውቅ ሯጭ በውድድር ቀን ቢወስደው የማስታወክ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ለልምምድ የሚሆነውን ካላገኘ በውድድሩ ቀን መስጠት አይጠቅመውም።

የስፖርት ሐኪም፦

ሁለታችሁም ሰፕልመንት በሚለው አንድ ስም ስለተለያዩ ነገሮች የምትናገሩ ይመስለኛል። ጄል በጉዞ ላይ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ ምግብ ነው። የብረት ክኒን ግን መድኃኒት ነው፤ በአንድ ጥቅል ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስፖርተኛው ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያቸዋል፣ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ስለ ብረት በዝርዝር እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ በሥራዬ ብዙ ስሕተት ያየሁት እዚህ ላይ ነውና። የብረት እጥረት በጽናት ስፖርተኞች፣ በተለይም በሴቶች ዘንድ በእርግጥ የተለመደ ነው። ከወር አበባ በተጨማሪ እግር መሬትን በመታ ቁጥር አንዳንድ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈርሳሉ፣ በላብና በአንጀት በኩልም ጥቂት በጥቂት ይጠፋል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ደግሞ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሄፕሲዲን የተባለው ሆርሞን ከፍ ይልና ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። እንግዲህ ብረት በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው እንኳ የሚወስድበት ሰዓት ካልታሰበበት አብዛኛው ሳይጠቅመው ያልፋል፤ ጠዋት ወይም ልምምድ እንዳበቃ ወዲያው ቢወስደው ይሻላል፣ በየቀኑ ከመውሰድም ይልቅ አንድ ቀን እያለፉ ሲወሰድ ከእያንዳንዱ ክኒን ወደ ደም የሚገባው ድርሻ ከፍ እንደሚል ታይቷል።

የማያስፈልገውስ? ሰውነት የተረፈውን ብረት የሚያስወግድበት መንገድ የለውም ቢባል ይቀላል። በተለይ ሄሞክሮማቶሲስ የተባለ የዘር ሕመም ላለበት ሰው ትርፉ በጉበትና በልብ ላይ እየተከማቸ ጉዳት ያደርሳል፤ ብዙዎቹም ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም። ስለዚህ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) እና ፌሪቲን (የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው ፕሮቲን) ሳይለካ ብረት መስጠት አልቀበልም። በስፖርት ሕክምና ፌሪቲን በሊትር ከ35 ማይክሮግራም ሲወርድ እጥረት አለ ብለን እንጠረጥራለን፤ ይህም ቁጥር ቢሆን ሕመም ወይም ከባድ ልምምድ በነበረ ማግስት ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ደሙ የሚወሰደው ካረፉ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደከመኝ ብሎ የሚመጣ ስፖርተኛ ችግሩ ብዙ ጊዜ የቪታሚን ሳይሆን በቂ ምግብ ያለመብላት ነው። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 በስፖርት ውስጥ አንጻራዊ የጉልበት እጥረት ብሎ የሰየመው ሁኔታ የወር አበባን ያስቀራል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ፍጥነትንም ይቀንሳል። ይህን ሰው ጥቅል ሰጥቼ ብሸኘው ሕመሙን ሸፈንኩበት እንጂ አላከምኩትም።

ብስክሌተኛ፦

ሐኪሙ ስለ ብረት ያሉትን እቀበላለሁ። ነገር ግን ክርክሩ ስለ ጉዳት ብቻ እየሆነ ጥቅሙ ተረሳ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የጋራ መግለጫ ካፌይን፣ ክሬቲን፣ ናይትሬት፣ ቤታ አላኒንና ሶዲየም ባይካርቦኔት የተባሉት አምስት ንጥረ ነገሮች ብቃትን ለማሻሻላቸው በቂ ማስረጃ እንዳላቸው ገልጸዋል። ካፌይን እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ላይ ከተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ከወጣ ወዲህ የተፈቀደ ነው። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ከውድድሩ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ መውሰድ የጽናት ብቃትን እንደሚያሻሽል በተደጋጋሚ ታይቷል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ180 እስከ 360 ሚሊግራም ማለት ነው። ሀብታም ክለብ ያለው ተወዳዳሪ ይህንን ሁሉ ከባለሙያ ጋር መጥኖ ሲጠቀም፣ ሌላው ዕውቀቱም ምርቱም ተነፍጎት በአንድ መስመር ላይ ይቆማል። ይህ በጥንቃቄ ስም የሚፈጸም አድልዎ ነው ብዬ አምናለሁ።

የስፖርት ፊዚዮሎጂ መምህር፦

የአምስቱ ዝርዝር ትክክል ነው፤ ሆኖም ዝርዝሩ ለሁሉም ስፖርት በእኩል አይሠራም። ባይካርቦኔት ይበልጥ የሚረዳው ጥቂት ደቂቃ ለሚፈጅ ከፍተኛ ጥረት ነው፣ ሆድንም ይበጠብጣል። ክሬቲን በጡንቻ ውስጥ ውኃ ስለሚያስቀር ክብደት ይጨምራል፤ ክብደቱን ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሯጭ ይህ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። የቀይ ሥር ናይትሬት በመካከለኛ ደረጃ ላይ በሚገኙ ስፖርተኞች ዘንድ የሚያሳየው ጥቅም እጅግ በሠለጠኑት ዘንድ ያንሳል። ናይትሬትን ሰውነት ወደሚጠቀምበት ናይትራይት የሚለውጡት በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በመሆናቸውም ጀርም በሚገድል ፈሳሽ አፉን የሚጉመጠመጥ ሰው የጠጣውን ከንቱ ያደርጋል። ከዚህ ሁሉ ዕውቀት ውስጥ ጥቅል የሚነግረን አንዱንም አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን «ማገገሚያ» የሚለው ቃል ነው። በልምምድ ጊዜ በጡንቻ ውስጥ የሚፈጠረው የኦክሲጅን ጭንቀት (ከኦክሲጅን የሚወጡ ሕዋስን የሚነኩ ቅንጣቶች መብዛት) እንደ ቆሻሻ ታይቶ ቶሎ እንዲጠረግ በከፍተኛ መጠን ቪታሚን ሲ እና ቪታሚን ኢ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይኸው ጭንቀት ጡንቻው ማይቶኮንድሪያ (በሕዋስ ውስጥ ጉልበት የሚያመነጩትን ክፍሎች) እንዲጨምር የሚያዝዘው ምልክት አንዱ ክፍል ነው። ኖርዌይ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት 54 ወጣቶች ለ11 ሳምንታት የጽናት ልምምድ አደረጉ፤ ከፊሎቹ በየቀኑ 1000 ሚሊግራም ቪታሚን ሲና 235 ሚሊግራም ቪታሚን ኢ፣ የቀሩት ደግሞ ባዶ ክኒን ወሰዱ። ከማይቶኮንድሪያ መጨመር ጋር የሚያያዝ አንድ ፕሮቲን ከፍ ያለው ባዶውን በወሰዱት ብቻ ነበር። እውነቱን ሳልሸሽግ፣ የጽናት አቅም መለኪያ የሆነው ከፍተኛው የኦክሲጅን አጠቃቀም በሁለቱም ወገን በተመሳሳይ መጠን ተሻሽሏል፤ ስለዚህ ቪታሚኑ ውጤት ያበላሻል ብዬ አልደመድምም። ነገር ግን ጥቅሙ ያልታየ፣ የልምምድን ፍሬ ሊቀንስ እንደሚችል ምልክት ያለው ነገር ለሁሉም የሚታደልበት ምክንያት አይታየኝም። ማገገም የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በአንድ ኪሎ ክብደት በየሰዓቱ 1 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ በአንድ ማዕድ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲንና ከሁሉም በፊት እንቅልፍ ነው። ይህ ፕሮቲን ከምግብ ቢገኝም ከዱቄት ቢገኝም ለጡንቻው ያው ነው።

የማራቶን ሯጭ፦

ስለ ቪታሚኑ ተረትቻለሁ፤ ከጥቅሉ ይውጣ። ብረትም ያለ ደም ምርመራ እንዳይሰጥ እስማማለሁ። ነገር ግን «ይመርመር» ማለት ቀላል ነው፤ ምርመራውን የሚከፍለው ማን ነው? ክለቡ ለዱቄት የሚያወጣውን ገንዘብ ወደ ምርመራ ካላዞረው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ራሱን ማስመርመር ለሚችለው ብቻ ይሆናል። ብስክሌተኛው ያነሡት የአድልዎ ጥያቄም አልተመለሰም።

አሠልጣኝ፦

የመጀመሪያውን ሐሳቤን ላሻሽል። ሯጯ ልክ ናቸው፤ እጅን መሰብሰብ ስፖርተኛውን ለገበያ አሳልፎ መስጠት መሆኑን በበቂ አላሰብኩበትም ነበር። በጅምላ የሚታደለው ጥቅል ይቅር፤ ለዚያ የተያዘው ገንዘብ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚደረግ የደም ምርመራና ለሥነ ምግብ ባለሙያ ይዋል። የምርት ዙሩ የተፈተሸ ጄልና መጠጥ ለረጅም ልምምድና ለውድድር ክለቡ ያቅርብ፣ የዙሩም ቁጥር ይመዝገብ። ካፌይንን የመሰለው ለአዋቂ ስፖርተኛ፣ እርሱ ራሱ አውቆ ሲፈልገውና አስቀድሞ በልምምድ ላይ ሲሞክረው ብቻ ይሁን። ተፈትሿል የተባለ ምርት ሁሉ ፍጹም ንጹሕ ነው ብለን ግን ለማንም ቃል አንግባ፤ ፈተናው አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

በአንድ ነጥብ ግን አልለወጥም። ከ18 ዓመት በታች ላሉት በሐኪም ከታዘዘው በቀር ክኒንም ዱቄትም እንዳይሰጥ እጠይቃለሁ። ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ሰዓቱ የተሻሻለው በልምምዱ ሆኖ ሳለ በክኒኑ ነው ብሎ ማመን ከጀመረ፣ ክኒኑ ያልሠራለት ቀን ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያሉ ልጆች አሠልጥኛለሁ። በዚህ ነጥብ ላይ ብስክሌተኛውና ሯጯ ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ።