ቅጥቅጥ አይሱዙን ቤት አድርገን ልንገባበት ነው፤ ብየዳው ሳይጀመር ምን እናስተካክል?

እናት ዘ ደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመስከረም ጀምሮ የኪራይ ቤቱን ለቀን ሙሉ በሙሉ መኪና ውስጥ ልንኖር ነው። ባልና ሚስት፣ ከ5 እና ከ2 ዓመት ልጆች ጋር። ሥራችን ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት ላይ ይዘዋወራል። መኪናው 24 ሰው ይጭን የነበረ ቅጥቅጥ ነው፤ ወንበሮቹ ገና አልተነቀሉም። ያሰብነው ይህ ነው፦ ጣሪያ ላይ የ500 ሊትር ሮቶ፣ ከኋላ አልጋና ቁም ሳጥን፣ 400 ዋት ሶላር፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት የ200 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪ፣ ቡታጋዝ እና የኤሌክትሪክ ምጣድ። ግድግዳው በችፑድ ይለበሳል። የቱ ጋ እንደተሳሳትን ንገሩን።

ሻንሲና ፍሬን፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሮቶውን ከጣሪያ አውርዱት። 500 ሊትር ውሃ 500 ኪሎ ነው፤ ያውም ከመሬት ሦስት ሜትር ገደማ ላይ። ሲጎድል ደግሞ ይብሳል፤ ግማሽ የሞላ ጋን በየጥምዝዙ ወደ ውጭ እየተናጠ መኪናውን ይጎትታል። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ የምታልፉበት ጣርማበር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ነው የምትወርዱት። ለአንድ ሰው በቀን 12 ሊትር ብትይዙ ለአራታችሁ 48 ነው፤ 150 ሊትር ሦስት ቀን ያደርሳል። ጋኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፣ ከኋላ ጎማው ትንሽ ወደ ፊት። ውስጡም የውሃውን መናጥ የሚሰብር ግርዶሽ ይኑረው።

ክብደቱን እንዲህ አስሉት። 24 ሰው በ65 ኪሎ 1,560 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ላይ የሚነቀሉትን ወንበሮች ክብደት ጨምሩ። ልጆቻችሁን፣ ውሃውን፣ ባትሪውን፣ እንጨቱን፣ ዕቃውን ሁሉ ከዚያ በታች ማስገባት አለባችሁ። ተሳፋሪ ግን ወለሉ ላይ ተበትኖ ነው የሚቀመጥ፤ ቤት ሠሪ ግን ከባዱን ሁሉ ከኋላ ይከምረዋል። ከኋላ ጎማ ወዲያ የተጫነ ክብደት የፊቱን ያነሳዋል፤ መሪው ይቀልላል፣ ዝናብ ላይም አይታዘዝም። አልጋው ከኋላ ይሁን፣ ከሥሩ ግን ብርድ ልብስና ልብስ ብቻ አስቀምጡ።

አራት ወንበር አትንቀሉ። ልጆቹ ወደ ፊት ዞረው፣ በቀበቶ ታስረው ይሂዱ እንጂ አልጋ ላይ ተኝተው አይጓዙ። ወንበሩ ላሜራው ላይ ብቻ ከታሰረ በግጭት ጊዜ ተነቅሎ ይመጣል፤ ቡሎኑ ከሥር ወፍራም ብረት ተደርጎለት ከሻንሲው ጋር ይያያዝ።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ያረጀ ዘይት ቶሎ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ ሸራዎቹም ይታዩ፣ የሞተር ፍሬኑ መሥራቱም ይረጋገጥ። ጣርማበር ላይ ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው።

ሊብሬው ላይ የሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ከብየዳው በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ የለውጥ ፈቃዱን ጨርሱ። ያለዚያ ዓመታዊ ምርመራው ላይ ቦሎ ትከለከላላችሁ፤ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ ያከራክራችኋል።

የሶላር ሠራተኛ፦
ምጣዱን ተዉት። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ከ12 ቮልት ባትሪ ሲነሳ ወደ 300 አምፒር ይጠይቃል። ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ላይ 4,800 ዋት ሰዓት ናቸው፤ ጄል ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙት፣ 2,400። አንድ ሰዓት ሙሉ ብትጋግሩ 3,500 ይሄዳል። እንጀራ ግዙ፣ ወይም ዘመድ ቤት ስታድሩ ጋግሩ።

የቀረው ግን ይበቃችኋል። ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፍሪጅ በቀን 400 ዋት ሰዓት፣ አምፖሎቹ 120፣ ቴሌቪዥን 120፣ ስልክና የውሃ ፓምፕ 100፤ ድምሩ 740። በበጋ 400 ዋት ፓኔል በአምስት የፀሐይ ሰዓት፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ 1,400 ያህል ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ግማሹንም ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ደብረ ሲና ዙሪያ ጉሙ ቀኑን ሙሉ አይገፈፍም። ስለዚህ ከመኪናው ዲናሞ የሚሞላ መስመር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ባትሪ ያበላሻል። አይሱዙው 24 ቮልት ከሆነ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮበታል። ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መሳብ ሁለቱንም ይገድላል፤ አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ባለ 30 አምፒር ቻርጀር ግዙ፤ ሁለት ሰዓት ስትነዱ 60 አምፒር ሰዓት ይገባል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ሽቦው ከላሜራ ጋር ተፋትጎ ቢላጥ እሳቱን የሚያስቀረው እሱ ብቻ ነው።

እናት ዘ ደብረ ብርሃን፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ችፑዱስ? የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ያሳስበናል፤ ማታ ማታ ትንሽ ከሰል ብናነድስ?

ብርድና እርጥበት፦
ከሰል በፍጹም! ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም የሚገድለው ጋዝ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። የመኪናው ውስጥ 25 ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም፤ ልጆች ደግሞ ከእናንተ ቀድመው ይጎዳሉ። ቡታጋዙንም ለማሞቂያ አታብሩ። ትክክለኛው የናፍጣ ማሞቂያ ነው፣ ባለ 2 ኪሎዋት፤ አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። የነዳጅ ፓምፑ ምት ካልተቀነሰ ናፍጣው በደንብ ሳይነድ ቀርቶ ማሞቂያው ጥላሸት ይሞላል፤ ከፍታ የሚያስተካክል ዓይነት ፈልጉ። እንዲያም ሆኖ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከአልጋው አጠገብ ይሰቀል።

ችፑድ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ቡሎንም አይይዝም። 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሻላል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ቅደም ተከተሉ፦ ዝገቱን ፍቁ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡ፣ 4 ሳንቲ ፎም ላሜራው ላይ ክፍተት ሳይተዉ ለጥፉ። የብረት ቋሚዎቹንም አልብሷቸው፤ ባዶ የቀረ ብረት ሌሊቱን ሙሉ ያልባል። አራት ሰው ሲያድር ትንፋሹ ብቻ ብዙ ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ከላይ ይኑር፣ ለብርድ ተብሎ አይደፈን። ለሸዋ ሮቢት ወባ ወንፊት ይደረግበት፣ አጎበሩም ይሰቀል። ፍራሹ ሥር ርብራብ እንጂ ድፍን ጣውላ አይሁን፤ ይሻግታል።

የቡታጋዙ ሲሊንደር ለብቻው ሳጥን ይሠራለት፦ በውስጥ በኩል ድፍን፣ በወለሉ በኩል ወደ ውጭ ክፍት። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወደ ታች ነው የሚሄደው። መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትሹ።

ሽንት ቤቱ ሽንትን የሚለይ ደረቅ ይሁን፤ ዓይነ ምድሩ ላይ ሰጋቱራ ይነስነስበት። የሚደፋውም ጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፣ የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝ አይደለም።

እናት ዘ ደብረ ብርሃን፦
ሮቶው፣ ምጣዱና ችፑዱ ቀርተዋል። ቅዳሜ ባዶውን ሚዛን እንወስደዋለን።

ሻንሲና ፍሬን፦
ጥሩ። የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ መዝኑ። ሲያልቅም ውሃውና ነዳጁ ሞልቶ፣ አራታችሁም ገብታችሁ፣ ትርፍ ጎማው ተጭኖ እንደገና፤ ሁለቱንም ሻንሲው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት።